ደኑን የቀመቀመችው ሴት

ማስታወቂያው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰና እባብ የማይፈራ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱት እባብ ይፈራሉ፤ እባብ የማይፈሩት ደግሞ አሥረኛ ክፍል ደጃፍ አልደረሱም። ሁለቱንም አሟልታ የተገኘች እሷ ብቻ ሆነች። እውነቱን ለመናገር እሷም ብትሆን እባብ ትፈራ ነበር፤ ግን ጠያቂዎቹ እባብ ይዘው አልመጡም፣ እሷም ያልተጠየቀችውን መመለስ አትወድም።

የቀጠራት ከሩቅ የመጣ ተመራማሪ ነው። ከከተማው ጥግ ባለው ስድስት መቶ ሄክታር ደን ውስጥ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል በየመቶ ሜትሩ አሥር ችካል ተከለ፤ በአሥሩም ችካሎች ላይ ቴርሞሜትር ሰቀለ። የእሷ ሥራ በየቀኑ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከአንደኛው ችካል ተነስታ አሥረኛው ድረስ መሄድ፣ ሙቀቱን ማንበብ፣ ከቅጠሉ ሥር ያለውን አፈር በጣቷ ነክታ «ደረቅ» ወይም «እርጥብ» ብላ ደብተር ላይ ማስፈር ነበር። ተመራማሪው ስምንት ወር ቆየና አንድ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ «እስክመለስ ቀጥይ» ብሏት ሄደ። አልተመለሰም። እሷም ቀጠለች።

አቁሚ ያላት ሰው አልነበረም። የሰው ኃይል ክፍሉ የደን ክፍል ሠራተኛ ትመስለው ነበር፤ የደን ክፍሉ የምርምር ክፍል ሠራተኛ ትመስለው ነበር፤ የምርምር ክፍሉ ደግሞ ተመራማሪው በሄደ በዓመቱ ተዘግቶ የወንበር ማስቀመጫ ሆኗል። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ዕድሜው የሚረዝመው ማንም «የኔ ነው» ሳይለው ሲቀር ነው። ባልደረቦቿ «እሜቴ ቴርሞሜትር» ይሏታል። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ ኋላ ግን ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ስለጠፋ በዚያው ጸና።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ዓመታት ሲነገሩ የሚያስተኙ ናቸው። አንደኛው ችካል እንደ ጎዳናው ይሞቃል። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ አየሩ ለስለስ ይላል። ከሦስተኛው በኋላ ሰው ከፀሐይ ወደ ቤት የገባ ያህል ይሰማዋል። አሥረኛው ዘንድ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት፣ ሙቀቱ ከውጭው በሰባት ዲግሪ ያንሳል፤ አፈሩ በበጋም ቢሆን ጣት ያረጥባል። እዚያ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ቅጠል እየገለበጠች ትል የምትለቅም አንዲት ቡናማ ወፍ ነበረች። ብርሃን ስትወድ አይተዋት አያውቁም። እሜቴ «ዓይናፋሯ» ትላታለች። ማታ ቤት ስትገባ ባለቤቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ዛሬስ?» ይላታል። «ያው» ትለዋለች። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ቁጭ ብሎ ሲረግጥ የሚውል፣ ነገር የማያበዛ ሰው።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት መንገድ መጣ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበና ካርታ ሰቀለ። ደኑ በካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም ነው፤ መንገዱ በእርሳስ የተሳለች ቀጭን መስመር። መንገዱ ከነቦዩ የሚወስደው ስድስት ሄክታር ብቻ እንደሆነ፣ ያም ከመቶ አንድ እጅ መሆኑን፣ ዘጠና ዘጠኙ እጅ ግን ምንም ሳይነካ እንደሚቀር አስረዳ። ሰው ሁሉ ዘጠና ዘጠኝን ሲሰማ ፊቱ በራ። በትምህርት ቤት ዘመኑ ዘጠና ዘጠኝ አግኝቶ የሚያውቅ ስላልነበረ ይሆናል።

እሜቴ እጇን አወጣች። መንገዱ መሃሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ ግራና ቀኙ ሁለት አዲስ ዳር እንደሚሆን፣ ዳር የሆነ ቦታ ደግሞ እንደሚሞቅና እንደሚደርቅ፣ ሙቀቱም ዳሩ ላይ እንደማይቆም፣ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ፣ ይህንንም የሚያሳይ ደብተር እንዳላት ለመናገር ጀመረች። ስብሰባ ለምዳ ስለማታውቅ ግን አንዴ ከሙቀቱ፣ አንዴ ከአፈሩ እየተነሳች ተንተባተበች።

«አንቺ ሴት፣» አላት ኃላፊው፣ «ዳር ዳር አትበይ። የምትይውን በቀጥታ ተናገሪ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ቁጭ አለች።

ዶዘሩ ሥራውን በአንድ ወር ከአሥር ቀን ጨረሰ። መንገዱ ከአሥረኛው ችካል ሠላሳ ሜትር ራቅ ብሎ አለፈ። የዚያኑ ዓመት በጋ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት የደኑ ልብ የነበረው አሥረኛው ችካል ከሁለተኛው እኩል ሞቀ። እሜቴ ቴርሞሜትሩን አራገፈችው፣ ጠረገችው፣ ከዘጠነኛው ጋር አለዋወጠችው። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር። እግሯ ሥር ያለው ቅጠል ግን እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተራ በተራ ነው የመጣው። ነፋስ ገባ። ዕድሜ ልኩን በጎረቤቱ ተደግፎ የኖረ ዛፍ ጎረቤቱ ሲነሳበት እንዴት ብቻውን እንደሚቆም አያውቅም፤ በአንድ ዓመት አሥራ አንድ ትልልቅ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለው ወደቁ። እነሱ በከፈቱት ቀዳዳ ፀሐይ ገባች። ፀሐይን ተከትሎ ሐረግ ገባና የቀሩትን አነቀ። መንገዱን ተከትለው የሰፈር ድመትና አይጥ ገቡ፤ መሬት ላይ እንቁላል የሚጥል ወፍ መኖሩን ሲያውቁ ደግሞ ከዚያ አልወጡም። ዓይናፋሯ መንገድ አትሻገርም። ሃያ አምስት ሜትር ብርሃን ለእሷ እንደ ባሕር ነው። ከመንገዱ ወዲያ የቀሩት ወዲያ ቀሩ፤ ወዲህ ያሉት በሦስተኛው ዓመት ድምፃቸው ጠፋ።

በካርታው ላይ ግን ደኑ አሁንም ዘጠና ዘጠኝ ነበር።

እሜቴ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ በማክበር የሚታማ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተቀብሎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ መዝገብ ቤት ገብቶ በክብር ይተኛል። «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ዘጠኝ ጊዜ ደረሳት። አሥረኛው ላይ ኃላፊው ራሱ ጉዳዩን መረመረና መፍትሔ ሰጠ፤ ለአሥረኛው ችካል አዲስ ቴርሞሜትር እንዲገዛ አዘዘ። አዲሱ ቴርሞሜትር ዲግሪውን ልክ እንደ አሮጌው አነበበ። አሮጌውን በደረሰኝ አስረክቢ ተባለች።

ጽሕፈት ቤቱን ያነቃው የእሷ ደብተር አልነበረም፤ ዛፍ ነው። ኃላፊው እንግዶች ይዞ በመንገዱ ሲያልፍ ወርዶ ደኑን ሊያስጎበኛቸው ፈለገ። ሁሉም ከመኪናው ሃምሳ እርምጃ ርቀው፣ እሱ እጁን ዘርግቶ «ይህ እንግዲህ ያልተነካ ደናችን ነው» ሲል ከኋላቸው አንድ ዛፍ መኪናውን ተኛበት። ሰው አልተጎዳም። መኪናው ግን ቁመቱ ቀነሰ።

በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስድስት ሄክታር ሲቆረጥ ያልተቋቋመ ኮሚቴ አንድ መኪና ሲጨፈለቅ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ተቋቋመ ማለት ነው። ውሳኔው አጭር ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሜትር ውስጥ ያለ ማንኛውም ዛፍ ለደኅንነት ሲባል ይቆረጥ። ተቆረጠ። በዓመቱ፣ ትናንት ውስጥ የነበሩትና ዛሬ ዳር የወጡት ዛፎች መውደቅ ጀመሩ። ኮሚቴው እንደገና ተሰብስቦ፣ ያለፈው ውሳኔ ጥሩ ሆኖ ሳለ ትንሽ አንሶ እንደነበር አመነና ሌላ ሃያ ሜትር ለመጨመር ሐሳብ አቀረበ። «ዳሩ ሲነካ መሃሉ ዳር ይሆናል» የሚለውን ተረት ኃላፊው አሳምሮ ያውቀዋል፤ ስለ ሰዓት ማክበር በተናገረ ቁጥር ይጠቅሰዋል። ስለ ደንም ሊሆን ይችላል ብሎ ግን ጠርጥሮ አያውቅም።

ያን ቀን ማታ እሜቴ ቤት ስትገባ ባለቤቷ የአንድ ዘበኛ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። «ዛሬስ?» አላት። «ያው» አላለችም። ቦርሳዋን ወርውራ ሁሉንም ነገረችው፤ ኮሚቴውን፣ ሃያውን ሜትር፣ በስልሳ ዓመት ውስጥ ደኑ ከዛፍ አደጋ ሙሉ በሙሉ ነፃ እንደሚወጣ ያሰላችውን ስሌት። እሱ መርገጡን አቆመ።

«የተቆረጠ ጨርቅ ሳትቀመቅሚው ብትተዪው ምን ይሆናል?» አላት።

«ይተረተራል።»

«ተተረተረ ብለሽ ጫፉን ብትቆርጪውስ?»

«ያው ይተረተራላ።»

«ይተረተራል። አንቺም ትቆርጪዋለሽ። ሱሪው ቁምጣ ይሆናል፣» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሜቴ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች ቆየች። ከዚያ ተነስታ የድሮ ደብተሮቿን አወረደች። የምትፈልገው እዚያው ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስትጽፈው ኖራ ልብ አላለችውም። አንደኛው ችካል እንደ ጎዳናው ሞቆ ሳለ ሁለተኛው ለምን ለስለስ አለ? በሁለቱ መካከል ደኑ ለራሱ ያበቀለው አጥር ስለነበረ ነው። ድሮ ማንም ሳይነካው የኖረው የውጭው ዳር ከመሬት እስከ ቅርንጫፍ ድረስ በቁጥቋጦ፣ በእሾህና በሐረግ ተሸምኖ ፀሐይም ነፋስም አያሳልፍም። የመንገዱ ዳር ግን ክፍት ነው፤ ከረጃጅሞቹ ግንዶች ሥር ምንም የለም፣ በሩ እንደተከፈተ ቤት።

ከማግስቱ ጀምሮ የምሳ ሰዓቷን እዚያ አዋለችው። ከውጭው ዳር ቅርንጫፍ ትቆርጣለች፣ ችግኝ ትነቅላለች፣ የቁጥቋጦ ፍሬ በመሐረቧ ቋጥራ ትሸከማለች፤ በአሥረኛው ችካል በኩል ባለው የመንገድ ዳር ትተክላለች። ለማንም አልተናገረችም። ደግሞስ ለማን ይነገራል? በዝናቡ ወራት አብዛኛው ያዘ። ጉልበቷ ድረስ ሲደርስ የጽዳት ቡድኑ መጣና ከሥሩ መነጠረው።

የቡድኑ ካቦ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትዕዛዝ የሚወድ ሰው ነው። መንገድ ዳር ቁጥቋጦ እንዳይታይ ከተባለ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ እንግዳ ሲመጣ ያስነውራል መባሉን፣ እሱም በየሁለት ወሩ የመመንጠር ግዴታ እንዳለበት በትሕትና አስረዳት። እሷ እንደገና ተከለች። እሱ እንደገና መነጠረ። ሁለቱም አልተጣሉም፤ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ የቤተሰብ ደህንነት ይጠያየቃሉ። በሦስተኛው ግን እሜቴ ወደ ታፔላ ጻፊ ሄደች።

ታፔላ ጻፊው የባለቤቷ የግድግዳ ጎረቤት ነው። አራት ታፔላ አዘዘችው፤ «መመንጠር፣ መቁረጥና መነካካት በመመሪያ ቁጥር 7 መሠረት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል። ሰባትን ለምን እንደመረጠች እሷም አታውቀውም። ጻፊው አነበበውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰባት ብቻዋን ራቁቷን የቆመች እንደምትመስል፣ ከጎኗ ፊደል ቢታከልላት ክብደት እንደሚኖራት ነገራት። ከሙያው ጋር ማን ይከራከራል? 7/ሀ ሆነ።

ካቦው ታፔላውን አየ፣ ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ማጭዱን ወደ መኪናው መለሰ። ማንንም አልጠየቀም። የደን ክፍሉ መመሪያውን የሕግ ክፍሉ ያወጣው መሰለው፤ የሕግ ክፍሉ ኃላፊው ያወጣው መሰለው። ኃላፊው በአዲሱ መኪናው ሲያልፍ አየውና ከላይ የመጣ መሰለው። ለእሱ ሳይነገረው መመሪያ መውጣቱ አሳዝኖት ነበር፤ ግን መጠየቅ አለማወቅን ማሳወቅ ነው። ስለዚህ በቀጣዩ ስብሰባ ተነስቶ፣ አንዳንድ ክፍሎች መመሪያ 7/ሀን ከልብ ተቀብለው ተግባራዊ እያደረጉ እንዳልሆነ በምሬት ተናገረ። የክፍል ኃላፊዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ለማስተካከልም ቃል ገቡ። ሃያውን ሜትር የመጨመሩ ሐሳብ ከመመሪያው ጋር ይጋጫል ተብሎ በዚያው ተዳፈነ።

እሜቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ሰማች። ፊቷ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ጥፋተኛ መሰለ።

አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ቁጥቋጦው ከወገብ ወደ አናት፣ ከአናት ወደ ቅርንጫፍ ደረሰ፤ ሐረጉም መውጫ ሲያጣ በእሱ ላይ ተጠመጠመና ግድግዳ ሆነ። አሥረኛው ችካል በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዲግሪ ቀዘቀዘ፤ በአራተኛው ዓመት አራት። ሰባቱ ሙሉ አልተመለሰም፣ አይመለስምም። በዓመት አሥራ አንድ ይወድቁ የነበሩት ዛፎች ሁለት ሆኑ። በአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ አፈሩን ልትነካ ጎንበስ ባለችበት፣ ቅጠል ሲገለበጥ ሰማች። ቀና አላለችም። ዓይናፋሯ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሥራዋን እየሠራች ነበር። እሜቴ ወገቧ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እንደጎነበሰች ቆየች፤ የዚያን ቀን ደብተር ላይ ከሙቀቱ አጠገብ «መጥታለች» ብላ ጻፈች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ግማሽ ግን አልዳነም። የእሷ እጅ ለአንዱ ወገን ብቻ ነው የበቃው፤ ማዶውን የመኪና ማቆሚያና የመናፈሻ ወንበሮች ወርሰውታል፣ «ደን ውስጥ ይዝናኑ» የሚል ታፔላም አለው።

ነገሩን ያወጣው ተቆጣጣሪ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች፣ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የሚጠቀሰውን መመሪያ 7/ሀ ለማየት ጠየቁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሦስት ቀን ፈለገች። ከ1 እስከ 6 አለ፣ 8 አለ፣ 7 የለም። ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ተቀምጦ በስብሶ ይሆናል ተባለ። ኃላፊውም መመሪያው እንደነበረው ሆኖ እንደገና እንዲጻፍ አዘዘ። እንዴት እንደነበረ የሚያስታውስ ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው አልተገኘም። የመዝገብ ቤቷ ሴት ለዓመታት የእሜቴን ደብዳቤዎች ስታስገባ የኖረች ናትና፣ ምናልባት እሜቴ ታውቅ ይሆናል አለች።

ኃላፊው አስጠራት። ቆማ ጠበቀችው።

«መመሪያውን ታውቂዋለሽ አሉኝ። መቼ ነው የወጣው?»

እሜቴ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በአፏ የተናገረችው ውሸት አልነበረም፤ የዋሸው ታፔላው ነው። አሁን ልትጀምር አልፈለገችም።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት፣» አለች። «ሀ-ዋን ታፔላ ጻፊው ነው የጨመራት።»

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ። መስኮቱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ። በስንት ስብሰባ ላይ እንደጠቀሰው እየቆጠረ እንደሆነ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ታፔላ ጻፊውና ባለቤቴ ብቻ። እነሱም ወሬ አያበዙም።»

ኃላፊው መሳቢያውን ሳበ። ከዚያ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ።

«ጻፊው፣» አለ። «አጭር ይሁን። ደግሞ ዳር ዳር አትበይ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። በስሟ የጻፈችውን አንድም ሰው አንብቦላት አያውቅም፤ ይህን ግን፣ የእሷ መሆኑ ስለማይታወቅ፣ ሁሉም ያነበዋል። ስሟ እንደሌለበት ሲገባት ትንሽ ከፋት፤ ወዲያው ደግሞ መጻፍ ጀመረች። አንድ ገጽ ተኩል ሞላች። ደን ሲቆረጥ የሚጎዳው የተቆረጠው ብቻ እንዳልሆነ፣ ዳሩ በቁጥቋጦ ሳይዘጋ አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ የዛፍ መውደቅ በቆረጣ እንደማይድን፣ አዲስ መንገድ ቢያስፈልግ መሃሉን ሰንጥቆ ሳይሆን ውጭውን ዞሮ እንዲሄድ። ኃላፊው አንብቦ አንድ ፊደል አረመና ፈረመ። በዚያው ቀን በዚያው እስክሪብቶ ለእሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረመ፤ ያለ ፈቃድ ታፔላ በመትከሏ። ተቆጣጣሪዎቹ በመመሪያው ጥራት ተደስተው ተመለሱ፤ ጽሕፈት ቤቱም ለአርቆ አሳቢነቱ ተመሰገነ።

በሃያ ስድስተኛው ዓመት ጡረታ ወጣች። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሥራ መደቧን የሚያውቅ ስለጠፋ «ለልዩ ልዩ አገልግሎት» ተባለ። ሃያ ስድስቱን ደብተር ለመዝገብ ቤቷ ሴት ሰጠቻት፤ እሷም በማያፈሰው በኩል አስቀመጠችው። ቴርሞሜትር የሚያነብ ሌላ ሰው አልተቀጠረም።

በሁለተኛው የጡረታ ዓመቷ ካቦው ሊጠይቃት ቤቷ መጣ። እሱም ጡረታው ቀርቦ ነበር። ወሬ ይዞ ነው የመጣው፤ ሁለተኛ መንገድ ሊሠራ ቀያሾች መጥተው ነበር፣ እንደ ፊተኛው ደኑን መሃል ለመሃል ሊሰነጥቁት። የሕግ ክፍሉ 7/ሀን አውጥቶ ፊታቸው ዘረጋ፤ ቀያሾቹ ተከራከሩ፣ ኃላፊው ግን መመሪያ መመሪያ ነው ብሎ ድርቅ አለ። መንገዱ ውጭውን ዞሮ ሊሄድ ተወሰነ።

 እሜቴ ወደ ደኑ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ አሥረኛው ጋ ቀዝቀዝ ይል እንደሆነ ጠየቀችው።

«ልገባ ሞክሬ ነበር፣» አላት ካቦው፣ የተቧጨረ ክንዱን እያሳየ። «ከየት በኩል ይገባል? እሾኹ አላሳልፍ አለኝ።»

ደስ አላት። ተነስታ ሻይ ቀዳችለት።